ከ«አፈወርቅ» እስከ «ኮሎስቶሚ»፦ የግሪኩን አፍ ከሕክምና ቃላት ውስጥ ፈልቅቆ ማውጫ መመሪያ

አፈወርቅ የሚባል ሰው ታውቃላችሁ? እንግዲያው ከሕክምና ግሪክኛ አንዱን ቃል ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። በ407 እ.ኤ.አ. ያረፈው የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ስብከቱ ስለሚጣፍጥ ግሪኮች «ክሪሶስቶሞስ» አሉት። «ክሪሶስ» ወርቅ ነው። «ስቶማ» ደግሞ አፍ። የእኛ ሊቃውንት የግሪኩን ድምፅ እንዳለ አላመጡትም። ትርጉሙን ወሰዱና «አፈወርቅ» አሉት። ስሙ ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሕፃን ክርስትና እንዳነሣ ቁጠሩት።

ያው «ስቶማ» ዛሬ በየሆስፒታሉ ኮሪደር ይዞራል። ኮሎስቶሚ፣ ስቶማታይተስ፣ አናስቶሞሲስ፣ ዜሮስቶሚያ። የጤና ተማሪ ከሆናችሁ፣ ወይም ለዘመድ ሐኪም ቤት ገብታችሁ የምታስተረጉሙ ከሆነ፣ እነዚህን አንድ በአንድ መሸምደድ ያደክማል። እኔ ሸምድጄ ነበር። ውጤቱን አንደኛ ዓመት ፈተና ላይ አየሁት። አንጀትን ወደ ሆድ ቆዳ አውጥቶ የመክፈት ቀዶ ሕክምና ምን ይባላል ለሚለው «ኮሎቶሚ» ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ታዲያ በየት ይውጣለት?» ብለው መለሱልኝ። የጎደለችው አንዲት «ስ» ነበረች። ይህ መመሪያ በአብዛኛው ስለዚያች «ስ» ነው።

1ኛ፦ መጀመሪያ በአማርኛ አስቡት

መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን ቁጠሩ። የጠርሙስ አፍ እንላለን። የጉድጓድ አፍ፣ የዋሻ አፍ፣ የጆንያ አፍ እንላለን። የጠመንጃውን አፈሙዝ እንላለን። አንዳቸውም ጥርስና ምላስ የላቸውም። አፍ የተባሉት መግቢያና መውጫ ስለሆኑ ነው።

ግሪኩም እንደዚሁ ነው። የሰው አፍ «ስቶማ» ነው፤ የወንዝ መውጫም፣ የዋሻ መግቢያም «ስቶማ» ነው። ሐኪሞች የወሰዱት ሁለቱንም ትርጉም ነው። ስለዚህ ቃሉን ባገኛችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይኼ ምግብ የምንበላበት አፍ ነው ወይስ እንደ ጠርሙስ አፍ ያለ ቀዳዳ? ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል። (አፈጉባኤና አፈንጉሥ ውስጥ ያለው ተናጋሪ አፍ ግን በሕክምናው በኩል የለም። እሱን እርሱት።)

2ኛ፦ ቃሉ ሁለት መልክ እንዳለው እወቁ

«ስቶማ» በግሪክ ሰዋስው ሲረባ «ስቶማቶስ» ይሆናል፤ «የአፍ» ማለት ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው ውስጥ አንዳንዴ «ስቶም»፣ አንዳንዴ «ስቶማት» ሆኖ ይመጣል። ቃሉ አንድ ነው። ይህ ጠባይ በ«ማ» የሚጨርሱ ብዙ የግሪክ ስሞች አላቸው። ደርማ ቆዳ ነው፣ የቆዳ ሕክምና ግን ደርማቶሎጂ። ሄማ ደም ነው፣ ጥናቱ ሄማቶሎጂ። አንዴ ከገባችሁ በነጻ የምታገኙት ትርፍ ነው።

በ«ስቶማት» የሚጀምር ቃል ሲያጋጥማችሁ ሰባ ሰማንያ እጅ የሚበላውን አፍ ይመለከታል ብላችሁ ተነሡ። ስቶማታይተስ የአፍ ውስጥ መቆጣት ነው፤ «አይተስ» ማለት ብግነት ነውና። ከፊቱ ድድ ሲጨመርበት ጂንጂቮስቶማታይተስ ይሆናል፤ ድድም አፍም የተቆጣበት። ሕፃናት ላይ ይህን ከሚያመጡት አንዱ፣ እኛ ከንፈር ላይ ሲወጣ «ምች» ብለን ዳማ ከሴ የምንፈልግለት ቫይረስ ነው። አንጉላር ስቶማታይተስ ደግሞ የአፍ ማዕዘን ሲሰነጠቅ ነው። ብዙ ጊዜ ከቫይታሚን ቢ 2 ወይም ከብረት እጥረት ጋር ይያያዛል።

ስቶማቶሎጂ የአፍ ሕክምና ነው። ሩሲያ ወይም ኩባ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችን ጠይቁ፤ እዚያ የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ የሚጻፈው ይኸው ቃል ነው።

ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጠው የዕፅዋቱ «ስቶማታ» ነው። እዚህ ላይ የመጨረሻዋ «ታ» የብዙ ቁጥር ምልክት ናት፤ አንዱ ስቶማ፣ ብዙው ስቶማታ። ቅጠል ላይ ያሉ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ናቸው። ግራና ቀኝ ሁለት ዘብ ሕዋሳት ይቆማሉ። ውሃ ሲሞሉ ይለጠጡና ቀዳዳው ይከፈታል፣ ሲሟሽሹ ይዘጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፣ የውሃ ተንና ኦክስጅን ይወጣል። በብዙ ዛፎች ላይ ያሉት ከቅጠሉ በታች በኩል ነው። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቅጠል ግን ታቹ ውሃ ውስጥ ስለሆነ አፉን ወደ ላይ ነው የሚከፍተው።

3ኛ፦ «ስ»ን አድምጡ

ዋናው ይኼ ነው፤ እዚህ ላይ ቀስ በሉ።

የቀዶ ሕክምና ቃላት ጫፍ ላይ ሦስት የሚመሳሰሉ መጨረሻዎች አሉ። «-ቶሚ»፣ «-ኤክቶሚ» እና «-ስቶሚ»። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። «ቶሜ» በግሪክ መቁረጥ ነው። «-ቶሚ» ሲባል ቀድዶ መክፈት፤ «-ኤክቶሚ» ሲባል ቆርጦ ማውጣት፣ «ኤክ» ወደ ውጭ ማለት ስለሆነ። ሦስተኛው ግን ዘመዳቸው አይደለም። «-ስቶሚ» ከአፍ የመጣ ነው፤ አፍ ማበጀት፣ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ቀዳዳ መሥራት።

ትልቁን አንጀት ውሰዱ። ኮሎቶሚ አንጀቱን መቅደድ ነው፣ ሥራው ሲያልቅ ይሰፋል። ኮሌክቶሚ አንጀቱን በከፊል ወይም በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ነው። ኮሎስቶሚ አንጀቱን ወደ ሆድ ቆዳ አምጥቶ አፍ ማበጀት ነው። በአንዲት ፊደል ልዩነት አንዱ ታካሚ ተሰፍቶ ይወጣል፣ ሌላው ከረጢት ለጥፎ ይወጣል።

ለራሴ ትንሽ ጥብቅና ልቁም። በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩ ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው ዛሬ ኮሎስቶሚ የምንለውን «ኮሎቶሚ» ይሉት ነበር። ፈረንሳዊው አሙሳ በ1839 ያስፋፋው በወገብ በኩል የሚሠራው ዘዴ የታወቀው በዚሁ ስም ነው። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ከመምህሩ ጋር እከራከር ነበር። አላወቅኩም፣ ነጥቡም ቀረ።

አሁን ወጥመዱ። «ስ» ስላያችሁ ብቻ አፍ ነው አትበሉ። «ስ»ዋ የማን ናት? ማስቴክቶሚ ውስጥ «ስት» አለች፤ ነገር ግን የ«ማስቶስ» ናት፣ ጡት ማለት። ቃሉ ጡት ቆርጦ ማውጣት ነው። ፊኛና ከረጢት ማለት የሆነው «ሲስት»ም «ስት»ን በራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሽንት ፊኛ ላይ ሦስቱን ሞክሩ፦ ሲስቶቶሚ፣ ሲስቴክቶሚ፣ ሲስቶስቶሚ። የመጨረሻዋን ብቻ ነው አፍ የምንላት፤ «ስቶ» ሁለት ጊዜ ተሰምታለችና። ጮክ ብላችሁ አንብቧት። ምላስ ታስራለች፣ ግን ጆሮ ይለምዳታል።

አንድ ቦታ ላይ ሐኪሞቹም ይቀላቅላሉ። አንገት ላይ የአየር ቧንቧን ለመክፈት ትራኪዮቶሚም ይባላል፣ ትራኪዮስቶሚም ይባላል። በጥብቅ ከሄድን የመጀመሪያው ቅዱ፣ ሁለተኛው ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። በሥራ ላይ ግን ሁለቱን በአንድ ትርጉም ሲጠቀሙ ትሰማላችሁ። ብዙ አትጨነቁበት።

4ኛ፦ ከ«ስቶሚ» በፊት ስንት አካል እንደተጠራ ቁጠሩ

አንድ አካል ብቻ ከተጠራ አፉ በአብዛኛው ወደ ውጭ፣ ወደ ቆዳ ነው። ኮሎስቶሚ ትልቁ አንጀት፣ ኢሊዮስቶሚ የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ፣ ጋስትሮስቶሚ ጨጓራ፣ ኔፍሮስቶሚ ኩላሊት። ዩሮስቶሚ የሽንት መውጫ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የፊስቱላ ሆስፒታል ፊኛቸው ሊጠገን ላልቻለ አንዳንድ ሴቶች የሽንቱን መንገድ ወደ ሌላ የሚያዞር ቀዶ ሕክምና ያደርጋል። ይህ ቃል እኛ አገር ከመጽሐፍ የወጣበት አንዱ ቦታ እሱ ነው።

ሁለት አካል ከተጠራ ግን ወደ ውጭ አትመልከቱ። አንዱ በሌላው ላይ ተከፍቷል ማለት ነው። ጋስትሮጄጁኖስቶሚ ጨጓራንና የቀጭኑን አንጀት መካከለኛ ክፍል አፍ ለአፍ ያገናኛል። አሁን ትልቁን እንሞክር። ዳክሪዮሲስቶራይኖስቶሚ። አትደንግጡ፣ ከኋላ ጀምሩ። «ስቶሚ» አፍ ማበጀት። «ራይኖ» አፍንጫ። «ሲስቶ» ከረጢት። «ዳክሪዮ» እንባ። የእንባን ከረጢት ወደ አፍንጫ መክፈት። መንገዱ ተደፍኖ ዓይኑ ሁልጊዜ እንባ ለሚያፈስ ሰው የሚሠራ ነው። አምስት ቃል ማብራሪያ ለአሥራ ሦስት ፊደል ስም!

በየመካከሉ የምትገባዋ «ኦ» ማጣበቂያ ናት፣ ትርጉም የላትም። እንግሊዝኛው ግን ነገር ይወዳል። ማጣበቂያዋን ከመጨረሻው ጋር ቆርጦ «ኦስቶሚ» የሚል አዲስ ቃል ሠራ፤ የእነዚህ ሁሉ የወል ስም።

የመገናኘቱ ሥራ ራሱ አናስቶሞሲስ ይባላል። ከስሙ መሐል «ስቶም» አለላችሁ። ሁለት የደም ሥር ወይም ሁለት የአንጀት ጫፍ ሲጋጠም አፍ ለአፍ ገጠሙ ማለት ነው። ጥንታዊው ሐኪም ጋለን ራሱ በደም ሥሮች መካከል ስላለው መገናኛ ሲጽፍ ቃሉን ተጠቅሞበታል።

5ኛ፦ ቅጥያውን ሳይሆን ቅድመ ቃሉን ፍቱ

«-ስቶሚያ» ሲሆን ቀዶ ሕክምና የለም፤ የአፍ ሁኔታ ነው። ማይክሮስቶሚያ ጠባብ አፍ፣ ማክሮስቶሚያ ሰፊ አፍ። ዜሮስቶሚያ ብዙ ሰው ያሳስታል። ዜሮ ቁጥር አይደለም፤ «ዜሮስ» ደረቅ ማለት ነው። የአፍ መድረቅ። ዜሮክስ የምትሉት የፎቶ ኮፒ ስምም ከዚሁ «ደረቅ» የመጣ ነው፣ ያለ ቀለም ውሃ ስለሚያትም። በቫይታሚን ኤ እጥረት ዓይን የሚደርቅበት ዜሮፍታልሚያም ዘመዱ ነው።

በእንስሳት ስም ላይ ደግሞ ቃሉ ያብዳል። ሃይፖስቶም «ከአፍ በታች» ነው፤ መዥገር ሥጋ ውስጥ የሚሰካው ወደ ኋላ የዞረ ሾህ ያለው መውጊያ። መዥገር ነቅላችሁ ጭንቅላቷ ውስጥ ቀርቶ ያውቃል? እሱ ነው የያዛት። ሳይክሎስቶም መንጋጋ የሌለው ክብ አፍ ያለው ዓሣ መሳይ ነው።

አንካይሎስቶማ የመንጠቆ ትል ነው። «አንኪሎስ» ቆልማማ፤ ስሙ «አፈ ቆልማማ» ማለት ነው። ጣሊያናዊው ዱቢኒ በ1843 ሰየመው። እጩ ትሉ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባና ዞሮ ዞሮ አንጀት ላይ ይነክሳል። ነክሶ ደም ይመጥጣል። በባዶ እግር እርሻ ላይ የሚውል ሰው ደም ማነሱን ስትሰሙ ይህን አፍ አስቡ።

ከሁሉ የምወደው ግን ፕሮቶስቶምና ዲዩትሮስቶም ነው። ካርል ግሮበን በ1908 ያወጣው ክፍፍል ነው። ፅንስ ሲጀምር አንድ ቀዳዳ ይከፈታል። በነፍሳት፣ በቀንድ አውጣና በብዙ ትሎች ወገን ያች ቀዳዳ አፍ ትሆናለች ተባለ፤ ፕሮቶስቶም፣ «አፉ አንደኛ»። በእኛ ወገን ያች የመጀመሪያዋ ወደ መቀመጫ ትሄዳለች። አፍ በኋላ ነው የሚመጣው። ዲዩትሮስቶም። «ዲዩትሮስ» ሁለተኛ ነው፤ የኦሪት ዘዳግም የግሪክ ስምም ከዚሁ ይጀምራል። እንደ ሊቃውንቱ ቢሆን «አፈ ዳግም» እንባል ነበር። ከኋላ ጀምሮ ወደ አፍ የመጣ ፍጥረት ይህን ያህል ማውራቱ ይገርማል።

6ኛ፦ መሳዮቹን አስወጡ

ትልቁ አሳሳች «ሶማ» ነው። አካል ማለት ነው፣ «ት» የለበትም። ክሮሞሶም፣ ራይቦሶም የእሱ ናቸው። የቢልሃርዝያው ስኪስቶሶማ እንዲሁ። በችኮላ ስታነቡት «ስቶ» ታያላችሁ። ነገር ግን የቆራረጡ ቦታ «ስኪስቶ-ሶማ» ነው፤ የተሰነጠቀ አካል። ወንዱ ትል ገላው ላይ ሴቷን የሚያቅፍበት ስንጥቅ አለው።

ታሪኩ ግን ይጣፍጣል። ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ላይ ትሉን ሲያገኝ መጀመሪያ የተሰጠው ስም «ዲስቶሙም» ነበር። ባለ ሁለት አፍ! ሁለት መጥመጫ ስላለው ነው፤ እውነተኛው አፍ ግን አንዱ ብቻ ነው። በ1858 ስኪስቶሶማ ተባለ። ስለዚህ ይህ ትል አፍ ተብሎ ጀምሮ አካል ተብሎ የቀረ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ታሪኩ ይቀጥላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የትሉ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ነውና ቢልሃርዝያን በእንዶድ የመከላከሉ ነገር ከዚያ ተነሣ።

ሁለተኛው «ስትሮማ» ነው። የባዮሎጂ ተማሪን የሚያስለቅስ። ስቶማ የቅጠሉ ቀዳዳ፣ ስትሮማ ደግሞ እዚያው ቅጠል ውስጥ ባለው ክሎሮፕላስት ውስጥ ያለ ፈሳሽ። «ስትሮማ» በግሪክ ምንጣፍ፣ የተነጠፈ ነገር ነው። «ር» ካለ ተኙበት፣ ከሌለ ክፈቱት።

ፍሌቦቶመስ፣ ካላ አዛርን ሁመራና መተማ ላይ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ፣ «ስ» ከ«ቶ» በፊት የላትም። «ቶሜ» ነው፤ የደም ሥር ቆራጭ። ኮሎስትረም ደግሞ እንገር ነው፣ ከአንጀትም ከአፍም አይገናኝም። ከስተመርም ውስጥ «ስቶም» የሚመስል አለ፣ ግን ደንበኛ ነው፤ ተዉት።

7ኛ፦ ላቲኑ ሲገባ

ላቲን ለአፍ የራሱ ቃል አለው፦ «ኦስ»፣ ሲረባ «ኦሪስ»። ኦራል የመጣው ከዚያ ነው። አንዳንዴ አንዱ በሽታ በሁለቱም ይጠራል። ኖማ፣ የሕፃናትን ፊት የሚበላው ክፉ ቁስል፣ በላቲን «ካንክሩም ኦሪስ»፣ በግሪኩ በኩል ጋንግሪነስ ስቶማታይተስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ በላቲን አጥንትም «ኦስ» ነው። ዐውዱን እዩ።

ስቶመክ፣ ጨጓራ፣ የ«ስቶማ» ልጅ ነው። በጥንቱ ግሪክ «ስቶማኮስ» ጉሮሮ ነበር። ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዶ ጨጓራ ሆነ። ሐኪሞቹ ግን ለጨጓራ «ጋስትሮ»ን መረጡ።

8ኛ፦ ለሰው ስትነግሩ አፉን ተዉት

እስካሁን ያልነው ለራሳችሁ ጭንቅላት ነው። ለታካሚ ሌላ ነው። መፍታትና ማስረዳት አይምታቱባችሁ።

አክስቴ ኮሎስቶሚ ሊሠራላት ነበር። ሐኪሙ እየሣለ አስረዳ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። እውቀቴን ላሳይ አልኩና «እትዬ፣ ስቶማ ይሉታል፣ በግሪክ አፍ ማለት ነው፣ ሆድዎ ላይ አፍ ይከፍቱልዎታል» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ታዲያ በየትኛው ልጉረስ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምለው። አንጀቱ እስኪድን፣ ወይም ለሁልጊዜ፣ ዓይነ ምድር የሚወጣበት ሌላ መንገድ ሆድ ላይ ይሠራል። (አማርኛ በጨዋ ደንብ ዓይን ሲለው ግሪክ አፍ አለው።) ከላዩ ከረጢት ይለጠፋል፣ ሲሞላ ይደፋል። ኢሊዮስቶሚ ከሆነ የሚወጣው ቀጭን ነው፣ ውሃ ቶሎ ይወስዳልና መጠጣት አይረሳ። ኮሎስቶሚ ከሆነ ጠንከር ይላል። ቀዳዳው እንደ ከንፈር ውስጠኛው ቀይና እርጥብ ከሆነ ጤነኛ ነው። ሲነኩት አያምም፣ የሕመም ነርቭ የለውምና። ከጠቆረ ወይም ከጠየመ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም።

ይህን ለአክስቴ በሁለተኛው ቀን ስነግራት ጠጋ ብላ ሰማችኝና «ይኼንን ትላንት ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።